ውኃ የሚጠጣው በርሜል

አባቴን ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀይሜው ኖሬያለሁ። ስለመታኝ አይደለም፤ መትቶኝ አያውቅም። ስለተወኝም አይደለም፤ እስከ ዛሬ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። የተቀየምኩት ሰው በተሰበሰበበት ግቢ መሐል «ልጅህ ዋሽታ ነው?» ብለው ሲጠይቁት «ልጄ አትዋሽም» ስላለ ነው። ዋሽታለች ቢል እኔ አንድ ቀን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እሱም ከሥራው አይባረርም፣ እኛም ከካምፑ ቤት አንወጣም፣ እኔም ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል አላቋርጥም ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የምታድነን፤ እሷን ነፈገን እያልኩ ነው እዚህ ዕድሜ የደረስኩት።

ጊዜው ሰማንያ አራት ዓ.ም. ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወደ ቢታ ገነት የሚሄደውን መንገድ የሚሠሩት ማሽኖች ከቦንጋ ወጣ ብሎ ካምፕ ነበራቸው። አንድ ዶዘር፣ አንድ ግሬደር፣ ሁለት ገልባጭ መኪና። አባቴ ደጉ የእነሱ የዘይት ሰው ነበር። ዘይቱን ይጠብቃል፣ ይቀዳል፣ ይለውጣል። ሰው ሁሉ እጁን የሚታጠበው ዘይት ከነካ በኋላ ነው፤ አባቴ ግን ከመንካቱ በፊት ይታጠብ ነበር፤ በሳሙና፣ እስከ ክርኑ ድረስ። የሚቀዳበትን ማንቆርቆሪያ በላስቲክ ጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቅለዋል። በጨርቅ አይወለውለውም፤ ጨርቅ ክር ይጥላል ባይ ነው። ነፋስ ከተነሣ በርሜል አይከፍትም፤ ሾፌሮቹ ቢጮኹም ቁጭ ብሎ ነፋሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እናቴ፣ ለወጤ እንኳ እንዲህ አትጠነቀቅልኝም እያለች ታሾፍበት ነበር። እሱም፣ ሰው ቆሻሻ ቢበላ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ማሽን ግን ሳይናገር ነው የሚሞተው ይላታል።

እኔ ደግሞ ዘይቱን የሚፈራው ይመስለኝ ነበር። በርሜሉ ፊት ሲቆም ፊቱ ይለወጣል፣ ድምፁ ይቀንሳል። ዘይት የሚቆጣ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ።

በርሜሎቹ ድሮ ሸራ ለብሰው፣ በእንጨት ላይ ተጋድመው ነበር የሚቀመጡት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ ሰብሃት የሚባሉ አዲስ የካምፕ ኃላፊ መጡ። ጫማቸው የሚያብለጨልጭ፣ ወረቀት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከጅማ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተባለና በርሜሎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው በረድፍ ይቁሙ አሉ፤ ሲያዩት እንዲያምር። ሸራው ለሲሚንቶ ተወሰደ። አባቴ ተቃወመ። የእሱ አማርኛ እንደ አፍ መፍቻው እንደ ካፊኖኖ አይደለም፤ ሲጨንቀው ደግሞ ጭራሽ ያጥርበታል።

«ጋሼ፣ ቆሞ ዝናብ ከመታው በርሜሉ ውኃ ይጠጣል» አላቸው።

ጋሽ ሰብሃት ጥብቅ ብሎ የተዘጋውን ክዳን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ አፉ የት ነው፣ በየት በኩል ነው የሚጠጣው ብለው ጠየቁት። ሠራተኛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አባቴ አንገቱን ሲደፋ ነው ያቆምኩት። ጋሽ ሰብሃት ሳቁ ሳይበርድ አንድ ትእዛዝ ጨመሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያለ እኔ ፊርማ በርሜል የከፈተ ሰው ሥራ የለውም አሉ።

የቆሙት በርሜሎች ለእኔ ግን ጨዋታ ነበሩ። የበርሜል አናት ዙሪያውን ጠርዝ አለው፤ ሲዘንብ እንደ ሰሐን ውኃ ይይዛል። ድንጋይ ላይ ቆሜ የቡና ቅጠል አንሳፍፍበታለሁ። ቅጠሉ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያየሁት ጀልባ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ ደሴት። በማግስቱ ስመለስ ውኃው የለም፣ ቅጠሌም የለም። ውኃውን ወፎች ጠጥተውት፣ ቅጠሉን ለጎጇቸው ወስደውት ነው ብዬ አመንኩ። ደስ አለኝ። ዝናብ ያልጣለ ቀን ወፎቹ እንዳይጠሙብኝ ከቦኖው በቲማቲም ጣሳ እየቀዳሁ ራሴ እሞላላቸው ጀመር። ይኼንን ለማንም አልተናገርኩም። የእኔና የወፎቹ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ ጎህ ሲቀድ እየተነሣ መውጣት አመጣ። አንድ ቀን ሽንት ቤት ልሄድ ብዬ ስወጣ አየሁት። በርሜሎቹ መሐል ተንበርክኳል። ክዳን ከፍቶ ረጅም የጎማ ቱቦ እስከ ግርጌው ድረስ ሰደደ፣ በአፉ ሳበ፣ እንትፍ አለና ቱቦውን ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ከተተው። ሲፈስ እሰማዋለሁ። ግራ ቀኙን አየ። ጀሪካኑን ካፖርቱ ሥር አድርጎ ወደ ቤታችን ጓሮ ተራመደ። እኔ ከአጥሩ ጋር ተጣብቄ ትንፋሼን ያዝኩ። ያለ ፊርማ በርሜል የከፈተ ሥራ የለውም የሚለው ድምፅ በጆሮዬ ይጮኽ ነበር።

አሁን መልሼ ሳየው የሚቀዳው ነገር ዘይት እንኳ አይመስልም ነበር። እንደ አጓት ነጣ ያለ፣ ውኃ ውኃ የሚል ነገር ነበር። ያኔ ግን የታየኝ ጀሪካኑ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። በየማለዳው አባቴ በሩን ሲከፍት ዛሬስ አይሂድ እያልኩ ብርድ ልብሱን እነክሳለሁ። ወጥቶ እስኪመለስ የእግሩን ኮቴ አዳምጣለሁ። በጓሮ ጀሪካኑን ለሁለት ቀን ያሳድረዋል፣ ከሥር የተኛውን ውኃ በቱቦው ቀስ አድርጎ ያፈሳል፣ የቀረችውን የዘይት ጭላጭ በብሩሽ የቤታችንን ምሰሶ ይቀባበታል። ለምስጥ ነው አለኝ ስጠይቀው። እኔ ግን የሰረቀውን እየደበቀ ነው ብዬ አሰብኩ። ምሰሶዎቹ እየጠቆሩ በሄዱ ቁጥር ቤታችን ሁሉ የሚያጋልጠን መሰለኝ። ሰው ሲመጣ ምሰሶው ላይ ተደግፌ እቆማለሁ፤ እንዳይታይ። አንድ ቀሚሴ በዚያ ተበላሸ፤ እናቴ በቁንጥጫ ቀጣችኝ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

ነሐሴ ላይ አባቴን ወባ ጣለው። አሥራ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደም። በትኩሳቱ መሐል ስለ በርሜል ይቃዥ ነበር። እናቴን አንዴ እጇን ይዞ፣ ሂጂና ከግርጌው ይቅዱ በያቸው አላት። እሷ ትኩሳቱ ነው ብላ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አኖረች። እኔ ግን በልቤ አመሰገንኩ። ለአሥራ ሁለት ማለዳ ማንም በርሜል አልከፈተም። እኔም እስኪነጋ ተኛሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሾፌሮቹ ራሳቸው በጋሽ ሰብሃት ፊርማ ዘይት የሞሉበት ግሬደር ቁልቁለት ላይ መሪው አልታዘዝ አለና ገደል ገባ። ገደሉ ጥልቅ ስላልነበር ሾፌሩ ጋሽ በዛብህ ተረፉ፤ እግራቸው ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። በተነቀለ በር ላይ አጋድመው ሲያመጧቸው እያዩ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። የማሽኑ ዘይት ሲቀዳ ወተት የተቀላቀለበት መሰለ። ውኃ ገብቶበታል። ጋሽ ሰብሃት አንድ ነገር ብቻ ነው የገባቸው፤ አንድ ሰው ዘይቱን ቀድቶ ሸጦ በውኃ ተክቶታል።

በማግስቱ ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አባቴን ከአልጋው አስነሥተው አመጡት፤ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ሰብሃት ወደ እኛ ወደ ካምፑ ልጆች መጡና ዝቅ ብለው፣ እናንተ እዚህ ስትጫወቱ ነው የምትውሉት፣ በርሜል የሚከፍት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው የዋህ ነበር። አስተማሪያችን ጥፋቱን ያመነ ምሕረት ያገኛል ይለን ነበር። እኔም አባቴ ምሕረት የሚያገኘው በዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር የያዝኩት ምስጢር ከላዬ እንዲወርድልኝ ፈልጌ ነበር።

«አባባ ነው» አልኩ። «ጠዋት ጠዋት በጀሪካን ይቀዳል።»

ሰዎች ወደ ቤታችን ሄደው ጀሪካኑን ይዘው መጡ፤ ምሰሶውንም አይተው መጡ። አባቴ ማስረዳት ጀመረ። በርሜሉ ውኃ ይጠጣል፣ ውኃው ከግርጌ ይተኛል፣ እኔ የቀዳሁት ውኃውን ነው አለ። አሁንም ተሳቀበት፤ የዛሬው ሳቅ ግን ጥርስ ነበረው። አንዱ ከኋላ፣ በርሜሉ ጠጅ ሲሰጡትስ ይጠጣል ወይ አለ። እኔ አልሳቅኩም። አፈርኩ። ከመስረቁ ይልቅ እንዲህ ያለ የማይመስል ውሸት መዋሸቱ ነው ያሳፈረኝ።

ጋሽ ሰብሃት እጃቸውን አነሡ። «እሺ ደጉ። ልጅህ ዋሽታ ነው?»

አባቴ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ዋሽታለች በል፣ ዋሽታለች በል እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። ከንፈሩን አላቀቀና እንደገና ገጠመው።

«ልጄ አትዋሽም» አለ። «ሌላ የምለው የለኝም። እሷን አትጠይቋት።»

አለቀ። ለልጁ ሲባል አይከሰስ ተባለና ተባረረ። ከካምፑ ቤት ወጥተን ከተማ ዳር አንድ ክፍል ተከራየን። አባቴ ወደ ማንኪራ የቡና ጫካ እየወረደ የሰው ቡና ሲለቅም፣ የሰው ግንድ ሲፈልጥ ኖረ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ስሜን እየጠሩ፣ ዙፋን፣ በርሜላችሁ ዛሬ ጠጣ ወይ ይሉኛል። አንድ ቀን አንዷን በድንጋይ ፈነከትኳትና ከትምህርት ቤት በዚያው ቀረሁ። ስለዚያ ቀን እኔም ሆንኩ አባቴ አንስተን አናውቅም። አብረን በላን፣ እናቴን አብረን ቀበርን፤ ያንን ግን አላነሣንም።

አሁን በከተማው ዳር ያለ አንድ የማሽን ግቢ በር ጠባቂ ነኝ፤ ከተቀጠርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሥራውን ስይዝ አንድ ነገር ነው የለመንኩት፤ ዘይት አካባቢ አታድርጉኝ። ያለፈው ክረምት ግን መጋዘኑ በማዳበሪያ ሞላና ሦስት በርሜል የሃይድሮሊክ ዘይት አምጥተው ከጥበቃ ቤቴ ጎን አቆሙት። ቀጥ አድርገው። ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከረረች፣ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። የአንዱ በርሜል አናት ውኃ ሞላ፤ ከጎኑ ካለው የዋንዛ ዛፍ የወደቀች ቅጠል ትንሳፈፍበት ነበር። ጠዋት ሳየው ውኃው የለም። ቅጠሏ ክዳኑ ላይ ተለጥፋለች። ወፍ ነው አልኩ፣ እንደ ልጅነቴ። ቀጥዬ ደግሞ ወፍ ሁለት ጣት የሚሞላ ውኃ ምን ያደርግለታል አልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ ነገር አልተውም። ማታ ውኃ ሞላሁበትና በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከደንኩት፤ በሳፋው ላይ ድንጋይ ጫንኩ። ወፍም ፀሐይም እንዳያገኘው። ጠዋት ድንጋዩን አወረድኩ፣ ሳፋውን አነሣሁ። ደርቋል።

ሳፋውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ የአባቴ ፊት ነው። ቀጥሎ የመጣው ጣሳዬ ነው። የቲማቲሟ ጣሳ። ለወፎቹ።

ግቢው ውስጥ ፀደንያ የምትባል መካኒክ አለች፤ ከሰሜን ተመድባ የመጣች፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን። ሄጄ የታሸገ በርሜል ውኃ ሊጠጣ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እንደማትስቅብኝ እርግጠኛ ስላልነበርኩ እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ነበር። አልሳቀችም። በርሜል ይተነፍሳል እትዬ ዙፋን አለችኝ። በፀሐይ ሲሞቅ አየሩን ያስወጣል፤ ዝናብ ሲያቀዘቅዘው መልሶ ይስባል። ክዳኑ ላይ ውኃ ከተኛ ክዳኑ በሚጠብቅበት ጥርስ በኩል ውኃውን ይስባል። ስለዚህ ይጋደማል፤ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ ሆነው ከውስጥ ዘይት ከሸፈናቸው ምንም አይስብም። አባቴ በስድስት ቃል ያለውን ነው የነገረችኝ። በርሜሎቹ መቆማቸውን እንዳየች ለአለቃዋ ተናግራ ነበር፤ መጋዘኑ ሲለቀቅ ይታያል ተብላለች።

በሦስተኛው ቀን የቢታ መንገድ በናዳ ተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍቅሩ ኤክስካቫተሩ አሁኑኑ ይውጣ አሉ። ዘይቱ ጎድሏል፤ ከቆሙት በርሜሎች ይሞላ አሉ። ፀደንያ ይቆይ፣ እንፈትሸው ስትል፣ መንገድ ተዘግቶ ፍተሻ የለም ብለው አቋረጧት። ኦፕሬተሩ ኢዮሲያስ ካቢኔው ውስጥ ሆኖ ስልኩን ያያል፤ ባለፈው ወር ነው ያገባው። እኔ የታየኝ የተነቀለው በርና በላዩ የተጋደሙት ጋሽ በዛብህ ናቸው።

የግቢውን በር ቆለፍኩ። ቁልፉን ጡቴ ሥር ከተትኩና በሩ ላይ ቆምኩ።

አቶ ፍቅሩ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ክፈቺ አሉኝ። አልከፍትም አልኩ። ሥራ አልፈልግም እያልሽኝ ነው አሉ። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

«ከግርጌው ቅዱልኝ» አልኳቸው። «ከላይ አይደለም፣ ከግርጌው። ንጹሕ ዘይት ከወጣ ቁልፉን ሰጥቼ እኔው እወጣለሁ። ይኼ በርሜል ውኃ ጠጥቷል።»

ከሠራተኛው መሐል ሳቅ ተሰማ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከበሩ ግን አልተነቃነቅኩም። ፀደንያ ግን ቱቦውን አምጥታ እስከ ግርጌው ሰደደችና የሻይ ብርጭቆ ሞላች። ለአቶ ፍቅሩ ሰጠቻቸው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው አጓት ነበር። ለብርሃን አነሱት፣ አዘነበሉት፣ ለኢዮሲያስ አሳዩት። ኢዮሲያስ ከካቢኔው ወረደ። ሳቁ ሄደ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ አቶ ፍቅሩ።

«አባቴ ነው። ደጉ ይባላል። በሰማንያ አራት ነው የተናገረው፤ የሰማው ሰው አልነበረም። እኔም አልሰማሁትም።»

መጋዘን ውስጥ ከማዳበሪያው ጀርባ የቀረ አንድ በርሜል ተገኘ፤ ከዚያ ተቀዳና ማሽኑ ከምሳ በፊት ወጣ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ባጃጅ ጠራሁና ቤት ልኬ አባቴን አስመጣሁት።

ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ በሞራ ተሸፍኗል። እጁን ይዤ በርሜሎቹ ጋ ወሰድኩት። የግቢው ሠራተኞች አንዱን አጋድመውታል። ሊነካው ሲል እጁን መለሰና ውኃ አላችሁ ወይ አለ። ፀደንያ በጆግ አፈሰሰችለት፤ ሳሙናም ሰጠችው። እስከ ክርኑ ታጠበ።

ሌሎቹ ራቅ ሲሉ፣ ለሦስት ቀን የያዝኩትን አወጣሁት። «አባባ፣ ያኔ እኔ በጣሳ...»

«አውቃለሁ» አለ። «ቅጠሎችሽን ማን የሚያነሣ ይመስልሽ ነበር?»

ወፎች አልኩት። ድምፄ የማን እንደሆነ አላውቅም።

«ጣሳሽንም አይቻለሁ። ስንት ውኃ ነው እሷ፤ በርሜሉን የሞላው ሰማይ ነው። እነሱ ግን ሰማዩን አይይዙም፣ ጣሳዋን ነው የሚይዙት። ዋሽታለች ብላቸው ደግመው ይጠይቁሽ ነበር። አንቺ ደግሞ አትዋሺም፤ ትነግሪያቸው ነበር። የበዛብህን እግር አንቺ ተሸክመሽ ታድጊ ነበር።»

አባቴ መዳፉን በተጋደመው በርሜል አናት ላይ አድርጎ ክዳኖቹን ይፈልግ ነበር። አንደኛውን አገኘ፣ ሁለተኛውን አገኘ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አንዱ ወደ ላይ ሄዷል» አለ። «ትንሽ አዙሪው።»

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩና በሁለት እጄ፣ መዳፉ በቃ እስኪለኝ ድረስ ገፋሁት።